በ«አቤት» እና በመልሱ መካከል

ሰው ሲጠራን «አቤት» እንላለን። ለእኩያ «ወይ» ይበቃል፤ ለታላቅ ግን «አቤት» ነው። በልጅነቴ ከእናቴ የደረሱብኝ ቁጣዎች አብዛኛዎቹ የተጠየቅሁትን ባለማወቄ የመጡ አልነበሩም። የተላክሁበትን ብረሳ፣ የጠየቀችኝን መመለስ ቢያቅተኝ ትታገሠኝ ነበር። ተጠርቼ ቶሎ «አቤት» ሳልል የቀረሁ እንደሆነ ግን «ጆሮህ ተደፈነ?» የምትለው ጥያቄ ከነኩርኩሟ ትደርሳለች። ልብ ብላችሁት እንደሆነ «አቤት» መልስ አይደለም። ስለ ተጠየቅነው ነገር አንዳች አይናገርም። «እዚህ ነኝ፤ እሰማለሁ» ማለት ብቻ ነው። መልሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ጊዜም ሊወስድ ይችላል። (ይህችው ቃል ፍትሕ ያጣ ሰው በዳኛ ፊት የሚጮኽባት መሆኗም ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ነገር ግን ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና ልተወው።)

«አቤት»ን ያነሣሁት ስለ ማሽን ለመጻፍ ነው። ዛሬ በስልክ ውስጥም ሆነ ጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ሆነው ስማቸው ሲጠራ የሚመልሱ፣ «የድምፅ ረዳት» የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። የአፕል ኩባንያ ሲሪን በ2011፣ አማዞን አሌክሳን በ2014፣ ጎግል ደግሞ የራሱን ረዳት በ2016 ለገበያ አቀረቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሰዓት ሙላልኝ፣ ለእገሌ ደውልልኝ፣ ነገ ይዘንባል ወይ ይባላሉ፤ ይመልሳሉ። ኩባንያዎቹ ደግሞ አዲስ ነገር ባወጡ ቁጥር ከሚፎክሩባቸው ነገሮች አንዱ የመልሱ ፍጥነት ነው። ለመፍጠን ያገኙት ዋና ዘዴ ሥራውን ከሩቅ አምጥቶ እዚያው ስልኩ ውስጥ ማሠራት ነው። ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ውስጡ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተኝቶበታል እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ድምፅ በማይክሮፎን ገብቶ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሩ ወደ ቃል፣ ቃሉ ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄው ወደ መልስ፣ መልሱም ተመልሶ ወደ ድምፅ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚህ ሁሉ ስልኩ ራሱ የሚሠራው ጥቂቱን ነበር። ድምፃችንን ጠቅልሎ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ይልካል፤ እዚያ ተተርጉሞ፣ መልስ ተዘጋጅቶለት ይመለሳል። ይህን ሩቅ ቦታ «ክላውድ»፣ ደመና ይሉታል። ስሙ ያሳስታል። ሲሚንቶና ብረት፣ ማቀዝቀዣና ጥበቃ ያለው መጋዘን ነው፤ ባለቤትም አድራሻም አለው።

ስማቸው ሲጠራ የሚሰሙት ግን ድሮም ከዚያው ከመሣሪያው ሆነው ነው። በውስጡ አንዲት ትንሽ ክፍል ሌላ ሥራ ሳይኖራት ያችን የመጥሪያ ቃል ስትጠብቅ ትውላለች፤ ያድራታል። እንግዲህ ማሽኑ «አቤት» የሚለው ከቤት ሆኖ ነው፤ መልሱን የሚያመጣው ግን ከሩቅ። በሁለቱ መካከል የምንሰማት ዝምታ ድምፃችን ከቤት ወጥቶ የቆየባት ጊዜ ናት።

እርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የመንገዱ ርዝመት አይደለም። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ገብቶ፣ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ኮምፒዩተር ዘንድ ደርሶ ለመመለስ 0.1 ሰከንድ ይበቃዋል። ቀሪው መዘግየት የተጨናነቀ መስመር፣ የደከመ ኔትዎርክ፣ ወረፋና ሒሳብ ነው። ኔትዎርክ ከነጭራሹ የጠፋ ዕለትማ ያ ሁሉ ዕውቀት አለው የተባለ ረዳት ድዳ ይሆናል። ኔትዎርክ መጣ ሄደ በሚባልበት አገር የሚኖር ሰው ይህን ሊነገረው አያስፈልግም።

በ2019 ጎግል 100 ጊጋባይት ቦታ ይወስድ የነበረውን የድምፅ መረዳት ሥራ ከግማሽ ጊጋባይት በታች አድርጌዋለሁ፣ ስልክ ውስጥም ይገባል፣ መልሱም እስከ 10 እጥፍ ይፈጥናል ብሎ አወጀ። የሙሉ ቤት ዕቃ በአንድ ሻንጣ እንደማጨቅ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ በራሱ ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ ጀመረው። አፕል ደግሞ በ2021 አቅም ባላቸው ስልኮቹ ላይ የሲሪ ንግግር መለየት እዚያው ስልኩ ውስጥ እንዲያልቅ አደረገ። መልሱ ፈጠነ። ሰዓት ሙላልኝ የሚል ድምፅ ለዚያች ትንሽ ጉዳይ ብሎ ውቅያኖስ ማቋረጡ ቀረ።

ለመሆኑ ምን አስቸኮለን? የአንድ ሰከንድ መዘግየት ማንን ገደለ?

በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ከልዩ ልዩ የዓለም ማዕዘናት የተወሰዱ 10 ቋንቋዎችን አወዳድሮ ነበር። አንዱ ተናጋሪ ጥያቄውን ጨርሶ ሌላው መመለስ እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ 0.2 ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያህል ማለት ነው። አስገራሚው ግን ሌላ ነው። አንዲት ቃል አሰናድቶ ለመናገር የሰው አእምሮ ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። ታዲያ እንዴት እንደርሳለን? ባልንጀራችን ሳይጨርስ መልሳችንን እያሰናዳን ነዋ! «እየሰማሁህ ነው» ስንል ግማሽ ልባችን ወደ ራሳችን ንግግር ሄዷል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ አንድ የሚያምር ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ «እሄዳለሁ» ይሁን «አልሄድም» የሚታወቀው ዐረፍተ ነገሩ ሲያበቃ ነው፤ ስለዚህ ቋንቋችን ሰው እስኪጨርስ መጠበቅን ያስተምረናል ልል ነበር። ነገር ግን ጃፓንኛም ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ከዐሥሩም ቋንቋዎች ፈጥነው የሚመልሱት ጃፓኖቹ ሆነው ተገኙ። ሐሳቤን ከነውበቱ ጣልሁት።

የሆነ ሆኖ ዝምታ በሰዎች መካከል ትርጉም አላት። «መቶ ብር ታበድረኛለህ?» ብለኸው አንድ ሰከንድ ዝም ካለ መልሱን ዐውቀኸዋል። ዝምታው ሲረዝም «ምነው፣ ባይመችህ ይቅር» የምትለው አንተው ራስህ ነህ። በማሽን ፊትም ይኸው ልማዳችን አይለቀንም። ሲዘገይ ያልሰማ፣ ያልፈለገ ይመስለናል፤ ደግመን እንጮኽበታለን። መሐንዲሶቹ የሚያሳድዱት ይህችን ዝምታ ነው።

ትዕግሥት ደግ ነገር ነው፣ ማሽን አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ሰውን ትዕግሥት ያስተምረዋል የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እኔም እንዲህ ከሚሉት ወገን ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አብሮኝ የተማረ አንድ ዐይነ ሥውር ወዳጄ ነው። አስተማሪ ነው። ስልኩን የሚጠቀመው ስክሪን ሪደር በሚባለው፣ በመስታወቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። አማርኛውን የሚያነብለት ኢስፒክ የሚባል በነጻ የሚገኝ ድምፅ ሲሆን፣ ለሰሚው ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። ያውም በፍጥነት ስለሚያስኬደው እኔ አንዲት ቃል አይገባኝም። አንድ ቀን «ይኼ ምን ድምፅ ነው! የሰው ድምፅ የሚመስሉ፣ በኢንተርኔት የሚሠሩ አሉ አይደል?» አልሁት። ሳቀብኝ።

«ያምራሉ፤ ይዘገያሉ» አለ። «አንተ ድምፅ ነው የምትለው። ለእኔ ጣት ነው። ግድግዳውን ነክተህ የነካኸው ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ቢሰማህ ትራመዳለህ?»

ከዚያ ወዲህ ስለ ትዕግሥት መስበኬን ትቻለሁ። ኢስፒክ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ሙሉ በሙሉ ስልኩ ውስጥ ሆኖ ይሠራል፤ ማንንም አይጠብቅም። ለሚያይ ሰው መዘግየት መሰልቸት ነው፤ ለወዳጄ ግን መንገድ መሳት ነው። ትዕግሥትን የሚሰብክ ሰው አስቀድሞ የማን ጊዜ እየጠፋ እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻላል።

ፍጥነት ራሱ ግን የሚያሳድዳቸው ሰዎች አሉት። ማሽኑ መመለስ የሚጀምረው ተናጋሪው መጨረሱን ሲያውቅ ነው፤ መጨረሱን ደግሞ በአብዛኛው የሚገምተው ከዝምታ ነው። ትንሽ ከጠበቀ ይዘገያል፤ ካልጠበቀ ሰው ሳይጨርስ ያቋርጣል። ቃል የሚፈልጉ አዛውንት፣ አንደበቱ የሚያዝበት ሰው፣ ቋንቋው ሁለተኛው የሆነ ስደተኛ፣ እነዚህ ሁሉ በመካከል ያርፋሉ። ማሽኑ ግን ዕረፍታቸውን ማብቂያ አድርጎ ይወስደዋል። አፕል በ2022 ሲሪ ከመመለሷ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ እንድትጠብቅ የሚያስችል ምርጫ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ጨመረ። ታዲያ ምርጫው የተቀመጠው ለአካል ጉዳተኞች በተመደበው ክፍል ነው፤ ሰውን እስኪጨርስ መስማት ልዩ እርዳታ ሆነ ማለት ነው። አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሥራው ስልኩ ውስጥ ሲያልቅ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ይገኛሉ። መልሱ ይፈጥናል፤ ድምፃችንም ከቤት አይወጣም። የመጀመሪያው ለሁሉም ይታያል። ሁለተኛው አይታይም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው።

ድምፅ ከቤት ሲወጣ የሚደርስበትን በ2019 ዓለም ሰማ። የአማዞን፣ የጎግልና የአፕል ረዳቶች ከሚቀበሏቸው ድምፆች ጥቂቱን ሰዎች ቁጭ ብለው እንደሚያዳምጡ ጋዜጦች ተራ በተራ አወጡ። ሥራው ማሽኑ በትክክል መስማቱን መመርመር ነበር። በአድማጮቹ ጆሮ የገባው ግን ማሽኑ ስሙ የተጠራ መስሎት በስሕተት የነቃባቸውን ጊዜያት ጭምር ነበር፤ በሽተኛ ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገር፣ ባልና ሚስት በመኝታቸው። አፕል ሥራውን አቁሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያም ወዲያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደማያዳምጥ አስታወቀ። ማሽኑ ሳይጠራ ሰምቷል በሚል በቀረበበት ክስም በ2025 መግቢያ 95 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ጥፋተኛ ነኝ ግን አላለም።

በክፍለ ሀገር ከተማ ያደገ የዕድሜ እኩያዬ ይህ አዲስ አይሆንበትም። ቴሌፎን ለመደወል ቢሮ ሄዶ ተራ ይያዝ ነበር። ኦፕሬተሯ መስመር ስትፈልግ ይጠበቃል፤ ሲገኝ እንደ ቁም ሣጥን ከጠበበች ክፍል ተገብቶ ይጮኻል። ኦፕሬተሯም መስመሩ እንዳይቋረጥ እያለች ትሰማለች። አክስቴ አዲስ አበባ የታመመች ጊዜ እናቴ ለጎረቤት ሳትናገር ገበያ መንገድ ላይ ኦፕሬተሯ አግኝታት «እግዜር ይማርልሽ፤ ለመሆኑ ቀዶ ጥገናው መቼ ነው?» አለቻት። ደግ ሴት ነበረች፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። እናቴ ግን ያን ቀን ገበያውን ሳትጨርስ ተመለሰች።

አሜሪካ ውስጥ፣ በካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ አልመን ስትሮውጀር የሚባል ቀብር አስፈጻሚ ነበር። የኦፕሬተሯ ነገር እሱን ከእናቴም ይብስ አንገበገበው። የሚነገረው ታሪክ እንደሚለው፣ የተፎካካሪው ዘመድ የሆነች ኦፕሬተር ሰው ሞቶባቸው ወደ እሱ የሚደውሉትን ወደዚያኛው ታዞርበታለች ብሎ ጠረጠረ። ተቀምጦ ሰው የማያስፈልገው የቴሌፎን ማገናኛ ፈለሰፈ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1891 አገኘ። በዓመቱ ላፖርት በተባለች የኢንዲያና ከተማ ሥራ ጀመረ። ማሽኑ ዝምታውንና ጆሮውን አንድ ላይ አስቀረ፤ መስመር ቶሎ ይገናኛል፣ በመካከልም የሚሰማ የለም። ሰዉ ለማገናኛው የወደደለትን ምክንያት ብትጠይቁ ግን የሚበዛው ፍጥነቱን እንጂ ምሥጢሩን የሚነግራችሁ አይመስለኝም። ምሥጢሩ ከፍጥነቱ ጋር ተመርቆ የመጣ ነበር። ኋላም መንግሥታት ሽቦ ጠልፎ መስማትን ሲማሩ ፍጥነቱ እንዳለ ሲቀር ምርቃቱ ተወሰደ፤ ደዋዩም ልዩነቱን የሚያውቅበት ነገር አልነበረውም፤ መስመሩ እንደ ቀድሞው ይገናኛላ።

ኢማኑኤል ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ስለ አንድ ባለሱቅ ይናገራል። ባለሱቁ ገበያ የማያውቅ ሰው ቢመጣበት አያታልልም፤ ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው፤ ሕፃን ልጅ ቢላክ እንኳ እንደ ዐዋቂው ገዝቶ ይመለሳል። ካንት እንግዲህ ይህ ሰው ታማኝ ነውን? ብሎ ይጠይቃል። ሥራው ታማኝ ነው። ታማኝነቱ ግን ከግዴታ ይምጣ ከጥቅሙ አይታወቅም፤ ደንበኛ እንዳይሸሸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካንት የሥነ ምግባር ዋጋ አይሰጠውም።

ይህን ምሳሌ ተማሪ ሆኜ ሳነብ ካንትን ጨካኝ አድርጌ ነበር ያየሁት። የሰፈራችን ባለሱቅ ስኳሩን በትክክል ከመዘነልኝ ልቡ ምን አገባኝ? እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚልም በ1861 ባወጣው ጽሑፍ ከእኔ ጎን ይቆማል፤ ውኃ ውስጥ የሚሰጥምን ሰው ያወጣ፣ ለግዴታም ብሎ ያውጣው ለጉርሻ፣ ሥራው ትክክል ነው ይላል። ስለ ድምፅ ረዳቶችም እንዲሁ ማለት ይቻላል። ኩባንያዎቹ ድምፃችንን እቤት ያስቀሩት ለመፍጠን ብለውም ይሁን፣ የመጋዘኑን ወጪ ለመቀነስ፣ ወይም ስለሚያከብሩን፣ ውጤቱ አንድ አይደለም ወይ?

ዛሬ ግን ሚልን ተለይቼዋለሁ፤ ያለያየን ደግሞ ጊዜ ነው። የሰጠመው ሰው አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ከባለሱቁ ግን ነገም ስኳር እገዛለሁ፤ ከነገ ወዲያም። ልቡን የምመረምረው ለማመስገን ወይም ለመውቀስ አይደለም፤ ጥቅሙ የተለወጠ ዕለት ሚዛኑም ይለወጥ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ዛሬ ታማኝነቱና ትርፉ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። መንገዱ ሲከፈል የትኛውን ይከተላል?

መንገዱ ደግሞ ተከፍሎ አይተናል። አማዞን ድምፃቸው እቤት እንዲቀር ለሚፈልጉ ሰዎች፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝኛና በጥቂት መሣሪያዎቹ ላይ ብቻ፣ ቅጂው ወደ ኩባንያው ሳይላክ ድምፁ እዚያው ተተርጉሞ እንዲያልቅ የሚያደርግ ምርጫ ሰጥቶ ነበር። ማርች 28 ቀን 2025 ይህን ምርጫ አነሣው። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ አዲሷ አሌክሳ የምትሠራው በታላላቅ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞች ስለሆነ የክላውዱ ጉልበት ያስፈልጋታል ነው። ድምፁ ሥራው ካለቀ በኋላ እንዲጠፋ መምረጥ ግን ይቻላል ተብሏል። መጥፋትና አለመሄድ አንድ ናቸው ወይ? የተነበበ ደብዳቤ ቢቀደድ ያልተላከ አይሆንም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አፕል በ2024 ስልኩ የማይችለውን ጥያቄ ወደ ሩቅ ኮምፒዩተሮች ሲልክ ድምፁም ሆነ ጽሑፉ እዚያ እንዳይከማች፣ የውጭ ባለሙያዎችም ይህን ገብተው እንዲመረምሩ የሚያስችል አሠራር አውጥቷል። ይህ ካንት የሚጠይቀው ልብ ባይሆንም፣ ሌላ ሰው ቢመጣ ሊመዝንበት የሚችል ሚዛን ሱቁ ደጃፍ ላይ እንደ መስቀል ነው። ከቃል ይሻላል።

ስለ እኛስ? አማርኛ በሲሪም በአሌክሳም ቋንቋዎች ውስጥ የለም። ጎግል በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ጨምሮታል፤ ያኔ የተጨመረው ግን ድምፁን ወደ ክላውድ በመላክ ነበር። ልብ በሉ፤ በስልኩ ውስጥ የመቅረት ዕድል መጀመሪያ የደረሰው ለእንግሊዝኛና ለጥቂት ታላላቅ ቋንቋዎች ነው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። አንድን ቋንቋ አጨቆ ስልክ ውስጥ ለማስገባት አስቀድሞ ብዙ ሺህ ሰዓት የተቀዳ ንግግር ያስፈልጋል፤ የተቀዳውም ያለው በታላላቆቹ ነው። ኦፕን ኤ.አይ. የተባለው ኩባንያ በ2022 በነጻ የለቀቀው ዊስፐር የተማረበት 680 ሺህ ሰዓት ንግግር ሁለት ሦስተኛው ያህል እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ድርሻው ግን ከባሕር ጭልፋ ነው።

ታላቅ እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ማድ ቤቷ መስኮት ላይ ከእነዚህ ድምፅ ማጉያዎች አንዷ ተቀምጣለች፤ ልጆቿ ሙዚቃ ያዙባታል፣ የቤት ሥራ ይጠይቋታል። እናታችን ልትጠይቃቸው የሄደች ጊዜ መጀመሪያ ፈራቻት፤ ኋላ ለመደቻት። ከእህቴ ጋር ቡና እያፈሉ የቤተሰብ ጉዳይ ሲነሣ እህቴ ወደ መስኮቱ ብታመለክት እናቴ «ተያት፤ ፈረንጅ ናት፤ አማርኛ አትሰማም» አለች።

በቋንቋችን ድምፅ ጆሮው የገባም «ሰማ» ነው፤ ቋንቋ የገባውም «ሰማ» ነው። እናቴ ሁለተኛውን ማለቷ ነበር፤ ትክክልም ነበረች። በመጀመሪያው «መስማት» ግን ማሽኗ በስሕተት በነቃች ቁጥር አማርኛውን እንደ ማንኛውም ድምፅ ትሰማለች። ያልገባትን ልታስቀምጠው ትችላለች፤ የተቀመጠ ድምፅ ደግሞ አያረጅም፤ አማርኛ የሚሰማ ማሽን እስኪመጣ መጠበቅ ይችላል። እስከ ዛሬ ቋንቋችን ምሥጢራችንን የጠበቀልን ማንም ስላከበረን አልነበረም፤ ገበያው ስላልደረሰብን ነው። ይኸም ምርቃት ነው፤ የሚወሰድ። አማርኛ በገባቸው ቀን ደስ ይለናል፤ ወዳጄም ደስ ይለዋል፤ እኔም። ያን ቀን ግን መስኮቱ ላይ ያለችው እናቴን «ትሰማታለች»።

እህቴ ይህን በስልክ አስረዳቻት መሰለኝ። በሌላ ጊዜ ስትሄድ እናቴ ወሬ ሲነሣ ነጠላዋን አውልቃ ማሽኗ ላይ ትጥልባት ጀመር። ልጆቹ ሳቁ። እህቴም «እማዬ፣ ጨርቅ እኮ ጆሮዋን አይደፍነውም» ስትላት፣ «ዐውቃለሁ» አለች፤ «አንቺም እኔም እንዳንረሳት ነው።»

በቅርቡ ዐይነ ሥውሩ ወዳጄ አዲስ ስልክ ገዛ፤ ሥራውን ውስጡ የሚጨርስ ነው የተባለለት። የሻጩን ቃል አላመነም። አጠገቤ ተቀምጦ አውሮፕላን ስንሳፈር እንደምናደርገው የስልኩን ግንኙነት በሙሉ ዘጋና በእንግሊዝኛ ጠራት። «አቤት» ዓይነት ድምፅ ሰጠችው። ለነገ ጠዋት 12 ሰዓት ቀስቅሺኝ አላት። ወዲያው፣ እኔ እስትንፋሴን ሳልጨርስ፣ እሺ አለችው። ቀጥሎ ነገ ይዘንብ እንደሆነ ጠየቃት። ዝም አለች፤ ትንሽ ቆይታም ኢንተርኔት የለም አለች።

ግንኙነቱን መልሶ ከፈተና ያንኑ ጥያቄ ደገመው። በዚያ ዕለት ኔትዎርኩ ጥሩ ነበር፤ መልሱ የመጣው እንደ መጀመሪያው በፍጥነት ነው። አይዘንብም አለችው።

«አየህ» አለኝ ስልኩን ኪሱ እየከተተ፤ «አሁን ወጥታ ነው የተመለሰችው። ባልዘጋው ኖሮ በምን ዐውቅ ነበር?»